ዓርብ ቀትር፣ ቅዳሜ ማለዳ

ባቡር ውስጥ ጮህኩ። እውነቴን ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ሰፈራችን ዋይትሆርን ልንደርስ አንድ ጣቢያ ሲቀረን ኢሜይሌን ቼክ አደረግኩና "የስ!" ብዬ ጮህኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ "አር ዩ ኦኬ?" አለኝ። "ደብዳቤዬን አንብበውታል!" አልኩት። የምን ደብዳቤ ብሎ አልጠየቀም። አውራ ጣቱን አሳየኝና ማዳመጫውን መልሶ ሰካ።

እናንተ ግን ጠይቁኝ። ደብዳቤው እናቴ ለምትታከምበት ክሊኒክ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነው። መልሱ ደግሞ ይኸውና፦ ከእንግዲህ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ልጅ ለወላጁ አያስተረጉምም። አስተርጓሚ በስልክ ይቀርባል፤ በሽተኛው ከፈለገ አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ ይሆናል፣ ስምም አይለዋወጡም። ይቺ "ከሌላ ከተማ" የምትለዋ ነገር የእኔ ሐሳብ ናት። የእኔ! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እስካሁን የጻፍኩት ረጅሙ ነገር የባዮሎጂ ሪፖርት ነበር፣ እና አሁን አንድ ክሊኒክ የአሠራር ደንቡን በእኔ ዓረፍተ ነገር ቀየረ። ከጣቢያው እስከ ቤታችን በበረዶ ላይ ሮጥኩ።

ይህን ደስታ ላካፍላችሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ግን ደስታው ከየት እንደመጣ ሳልናገር ባልፍ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። የመጣበት ቦታ መራራ ነው። ባለፈው ሁዳዴ፣ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ የሆነው ሁሉ ይኸው።

ያኔ እኔ የቤታችን አፍ ነበርኩ። እናቴ ጽጌ እዚህ ካልጋሪ፣ ዳውንታውን ባለ ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ትሠራለች። እንግሊዝኛዋ የአንሶላና የፎጣ እንግሊዝኛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዮናስ የብዙ ሰዓት የመኪና መንገድ ርቆ ፎርት ማክመሪ ሥራ ከያዘ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ የኪራዩን ውል፣ የባንኩን ስልክ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። አስተማሪዎቼ ስለ እኔ የጻፉትን ሳነብላት አንዳንድ መስመር እዘል ነበር። መዝለል ላይ ጎበዝ ነበርኩ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ነገሩ የጀመረው አብራት የምትሠራው እትዬ ዘነበች፣ "ጽጌ፣ ዓይንሽ እርድ የተነሰነሰበት መሰለ እኮ" ያለቻት ጊዜ ነው። ከዚያ ቆዳዋን ያሳክካት ጀመር። ሆስፒታል ገባች፣ የሐሞቷ መውረጃ ተዘግቷል ተባለ፣ በአፏ በኩል መሣሪያ አስገብተው ቀጭን ቱቦ አኖሩላት። ቢጫው በሳምንቱ ለቀቃት። ሁላችንም የሐሞት ጠጠር ነው አልን። "ዳንኩ" አለች እማዬ፤ ጾሟንም ያዘች። ከዚያ ሌላ ምርመራ ተደረገላት፣ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ከቀዶ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ተሰጣት።

የወሰዱን አጎቴ ጋሼ መኮንን ናቸው፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም። ኮራል ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። መንገዱ ያንሸራትት ስለነበር እማዬን በር ላይ አወረዷትና እኔን ይዘው ፓርክ አደረጉ። ሞተሩን ግን አላጠፉም።

"ሊዱ፣ ነርሷ ትናንት ደውላልኝ ነበር" አሉ። እማዬ ሥራ ላይ ስልክ ስለማታነሳ ፎርሙ ላይ የሞላነው የእሳቸውን ቁጥር ነው።

"ምን አለች?"

"ጠጠር አይደለም።" መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ቆሽቷ ላይ ነው። ያ... ክፉው በሽታ።"

"ካንሰር?"

"አትጥሪው!" አሉ፣ በሽታው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማን ይመስል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግነቱ አልተሰራጨም። በቀዶ ሕክምና ይወጣል ብለዋል።"

"ታዲያ እንንገራታ፣ ጋሼ።"

"ማን አንነግራትም አለ? እንነግራታለን! ግን እዚህ፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ፣ በልጅ አፍ አይነገርም። እህታችንን ትርንጎን እንዲህ ነው ፊት ለፊት የነገሯት። ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች፤ በዚያው ቀረች። መርዶ እንኳ ወግ አለው የኔ ልጅ። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት። ለዛሬ ጠጠር ነው በያት። ሌላውን ለእኛ ተዪው።"

ዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበር። አጎቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። "እሺ" አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ እማዬ "የሴት ነገር ሊነሳ ይችላል፤ ጋሼ፣ ውጪ ጠብቁን" አለች። እሳቸው ሲወጡ ትከሻዬን ጨመቅ አደረጉት። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ላምጣላችሁ ወይ አለች። ተረጎምኩላት።

"አበሻ ነው?" አለች እማዬ።

"አማርኛ የሚናገር ሰው ነው።"

"ይቅርብኝ! ካልጋሪ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው፣ አንድም እሱ ቤተክርስቲያን ያየኛል፣ አንድም ሚስቱ ታውቀኛለች። ጉዳዬ ከእኔ ቀድሞ ቅዳሴ ይደርሳል። ልጄ አለችልኝ።"

ልጇ አለችላት።

ቀዶ ሐኪሟ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ወረቀት ላይ ሣለች። የቆሽቷን ራስ፣ ከእሱ ጋር የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንም ቆርጠን እናወጣለን፣ የተረፈውን እንደገና አንድ ላይ እንቀጥላለን አለች። ብዙ ሰዓት የሚወስድ ከባድ ሥራ ነው። "እኔ ተማሪ ሳለሁ ብዙ ሐኪም ይፈራው ነበር፤ ዛሬ ግን እዚህ የለመድነው ሥራ ነው። ዕጢው ዋናዎቹን የደም ሥሮች አልነካም። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ሁሉ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ያገኘ ደግሞ መቆየት የለበትም። ሰኞ አንድ ሰው ቀርቶብኝ ቦታ አለኝ።"

ሁሉም ነገር ገባኝ። እያንዳንዱ ቃል። ወደ እማዬ ዞርኩና፣ "ሐሞትሽ ውስጥ ያለውን ጠጠር ታወጣዋለች። ሰኞ ቦታ አለ" አልኩ።

"ይሄን ሁሉ አውርታ፣ ሥዕል ሥላ፣ ይቺን ብቻ ነው ያለችው?"

"እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ እማዬ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያቺ ሳቄ ዛሬም ድረስ ታሳፍረኛለች።

"ሰኞ? በሁዳዴ? ሆዴን ቀድደው በዶሮ ሾርባ ጾሜን ሊያስፈቱኝ? ቢጫውም ለቅቆኛል። ጠጠር ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ይሁን በያት።"

"ቶሎ ቢሆን ይሻላል ትላለች።"

"ይሻላል ማለት ግድ ነው ማለት አይደለም።"

ለሐኪሟ እናቴ እየጾመች ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ትፈልጋለች አልኳት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና እማዬን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ምን እንደያዛት በደንብ ገብቷታል ወይ አለችኝ። እማዬም እያየችኝ ነው፤ ሁለቱም የእኔን አፍ ይጠብቃሉ።

"የስ፣ ሺ አንደርስታንድስ" አልኩ።

ሐኪሟ ብዕሯን መልሳ አነሳች። "ቦታውን እስከ ዓርብ ቀትር አቆይላችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው መስጠት አለብኝ፤ ቀጣዩ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እባካችሁ ተነጋገሩበት።" የእኔን ስልክ ቁጥር ጻፈች። እማዬ ስትወጣ እጇን ይዛ "እጅሽን ይባርከው" አለቻት። እሱን ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ረቡዕ ለጋሼ መኮንን ደወልኩ። "ቅዳሜ ማለዳ" አሉኝ። "የንስሐ አባቷ እስከ ዓርብ ማታ ሺፍት አላቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ዓርብ ቀትር ነው የተባለው! ቅዳሜ ያልፋል።"

"ሐኪሞች ሰው ለማጣደፍ እንዲህ ይላሉ፤ ቦታ አይጠፋም። ደግሞ አንድ ቀን ምን ያመጣል?"

ሐሙስም ደወልኩ። ያንኑ አሉኝ።

ዓርብ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከክላስ ወጣሁና ባቡር ተሳፈርኩ። ራሴ እነግራታለሁ። ዳውንታውን ወርጄ፣ ፎቆቹን በሚያገናኘው የመስታወት መተላለፊያ እየሄድኩ፣ ዓረፍተ ነገሩን ስለማመድ ሰዎች ያዩኝ ነበር። "እማዬ፣ አትደንግጪ።" እሱ አይሆንም። "እማዬ፣ ማክሰኞ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።" ይሄ ይሻላል። ላውንደሪው ጋ ስደርስ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር። አርባ ደቂቃ አለኝ።

እማዬ የማሽኑን ጩኸት በሚያሸንፍ ድምፅ እያወራች ነበር። ስታየኝ ደነገጠች። "ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ቁልፍ ረስቼ።"

ቁልፉ ጃኬት ኪሴ ውስጥ ነው።

"ይቺን ልጅ የወንድ ነገር ነው ያመጣት" አለች እትዬ ዘነበች። "ፊቷን እዪው!"

"የወንድ ነገርም ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ይሁን" አለች እማዬና ሁለቱም ተሳሳቁ። ከዚያ የአንድ ትልቅ አንሶላ ጫፍ ወረወረችልኝ። "ያዢ፤ እዚህ ድረስ መጥተሽ እጅሽን አጣምረሽ አትቁሚ።"

ታውቁታላችሁ፣ ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ራቅ ብሎ ይወጥረዋል፣ ያራግፈዋል፣ ከዚያ ተቀራርቦ ጫፍ ከጫፍ ያገናኛል። በተገናኘን ቁጥር ፊቷ ፊቴ ላይ ነበር። ከንፈሬን እከፍታለሁ። እሷ ጫፉን ከእጄ ትወስዳለች፣ እኔ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እንደገና እንቀራረባለን። ፊቷ ላይ ትንሽ ላብ አለ፣ ደስ ብሏታል፤ ልጇ ሥራ ቦታ መጥታ እያገዘቻት ነው። ስንት አንሶላ እንዳጠፍን አላውቅም። መጨረሻ ላይ ቁልፏን ሰጠችኝ። "ሽሮ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ" አለች። ወጣሁ።

ስልኬ የጮኸው መተላለፊያው ላይ እያለሁ ነው፣ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ። የክሊኒኩ ጸሐፊ ናት። እናትሽ ሐሳቧን ቀየረች ወይ አለችኝ። በመስታወቱ ታች ባቡሩ ይታየኛል፤ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው ሁለት ቁልፍ ይዣለሁ፣ የእኔንና የእሷን።

"ኖ" አልኩ። "ዊል ዌይት።"

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ነቅቼ ነበር። እማዬ ግን ከእኔ ቀድማ በሩን ከፈተች።

ሦስት ሰዎች ቆመዋል። የንስሐ አባቷ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው፣ መስቀላቸውን ይዘው። ጋሼ መኮንን። ከኋላቸው እትዬ ዘነበች፤ ጋሼ ማታ ደውለው ነው የነገሯት። ማንም ሳያዛት፣ ለለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታለች።

አበሻ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ልንገራችሁ? እማዬ አንድ ቃል ሳይነገራት፣

"ዮኒ!" ብላ ጮኸች። "ልጄን! መንገዱ በላብኝ! ዮኒዬን!" ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ወደቀች።

"ዮናስ ደህና ነው! ጽጌ፣ ስሚኝ፣ ደህና ነው!" ጋሼ ሊያነሷት ጎነበሱ።

"ታዲያ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"በዚህ ሰዓት፣ ከነአባ፣ ነጠላ ዘቅዝቃችሁ! ማን ነው የሞተብኝ? ንገሩኝ!"

ያን ሁሉ ቀን ወግ ያሉት አጎቴ ወደ አባ ዞሩ። አባም መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። እትዬ ዘነበች ታለቅሳለች። የጎረቤት በር ተከፈተና ተዘጋ። ያኔ እኔ አልኩት፣ ፒጃማ ለብሼ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ። ጠጠር አይደለም። ካንሰር ነው፣ ቆሽትሽ ላይ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ነኝ?"

"አዎ።"

"ዮኒ አይደለም?"

"አይደለም።"

"ተመስገን" አለች። እመኑኝ፣ ተመስገን አለች፤ ተነስታ መስቀሉን ተሳለመች። ወደ ግድግዳ አልዞረችም። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ እኔን ብቻ እያየች ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ማክሰኞ።"

"እዚያ ክፍል ውስጥ?"

"ከዚያ በፊት። መኪና ውስጥ።"

"ሰኞ ያለችው ቦታስ?"

"አለፈ። ትናንት ቀትር ላይ።"

"ትናንት ቀትር ላይ አብረሽኝ አንሶላ ታጥፊ ነበር" አለች።

ጋሼ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጽጌዬ፣ እኛ እንዳትሰበሪ ብለን..."

"ጋሼ፣ እኔ ጾሙን ያስቀደምኩት ከጠጠር ነው። ከሞት ቢሆን ምን እንደማስቀድም ማን ጠየቀኝ?"

ያን ቀን ጠዋት እትዬ ዘነበች ያመጣችውን ቁርስ የቀመሰ የለም።

ሰኞ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ክሊኒኩ ደወልን። ቦታው ተሰጥቷል። በእማዬ ቦታ ሌላ ሰው ቀዶ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ከፋሲካ ማግስት ሰሞን፣ የእሷ ተራ ደረሰ። ሆዷን ከፈቱ፤ ጉበቷ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች አገኙና ምንም ሳያወጡ መልሰው ሰፉት። ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ "በዚያ ሰኞ ቢሆን ኖሮስ?" አልኳት።

"አላውቅም" አለችኝ። "ያኔም ተደብቀው ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም።"

ቁርጡን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ገደልሻት ብትለኝ አለቅስና ያልፍልኝ ነበር፤ የለሽበትም ብትለኝ እተኛ ነበር። "ማንም ሊነግርሽ አይችልም" ግን አያልቅም።

አሁን እማዬ ኬሞ ላይ ናት። ድሮ ያልነበሩ መድኃኒቶች አሉ፣ ሐኪሞቹም ከልባቸው ይሠራሉ፤ ግን ያ ሥዕል፣ ቆርጠን እናወጣለን ያሉት፣ ከእንግዲህ ለእሷ የለም። ጋሼ መኮንን በየሳምንቱ ያመላልሷታል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! እሷ ውስጥ ሳለች መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እማዬ ሐኪም ፊት ይዛኝ ገብታ አታውቅም። እኔ ክሊኒኩን ለምኜ ካስገኘሁላት፣ ካልጋሪን አይታ ከማታውቅ አንዲት አስተርጓሚ ጋር በስልክ ትገባለች። በሩ ሲዘጋ የሴትዮዋ አማርኛ በትንሹ ይሰማኛል። አትዘልም። ሁሉንም ትላለች።

አንባቢዎቼ፣ ወጋችን መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም። መርዶ ሲነገር ሰው መሰብሰቡ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ መኖሩ፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን መርዶ የሚነገረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚያመልጥ ነገር የለም፣ እስከ ማለዳ ቢቆይ ማንም አይጎዳም። እናቴ ግን አልሞተችም ነበር። በሕይወት ላለች ሴት መርዶ ስናዘጋጅ፣ መወሰኛዋን ቀን ወሰድንባት። ወሰድኩባት። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ሌላ ልጅ በሁለት ሰው ዓይን መሐል ቆሞ "የስ" እንዳይል።

ታዲያ ዛሬ እየሮጥኩ ገብቼ ኢሜይሉን አነበብኩላት። እያንዳንዱን መስመር። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ አዳመጠችኝ።

"ምንም አልዘለልሽም?" አለች።

"ምንም።"

"ያ አስተማሪሽ ስለ ወሬሽ የጻፈውስ? እሱንም ዘልለሽ ነበር፤ የማላውቅ መሰለሽ?" አለችና ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገች። "ረቡዕ ቀጠሮ አለኝ። አብረሽኝ ግቢ። ግን አፍሽን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ፤ ሴትዮዋ ትናገር።"

"እሺ፣ እማዬ።"

ኢሜይሉ ላይ ግብዣም አለ። ክሊኒኩ የፊታችን ቅዳሜ ቤተክርስቲያናችን አዳራሽ መጥቶ፣ ስለ ቆሽት ካንሰርና ስለ ቀዶ ሕክምናው ከቤተሰቦች ጋር መነጋገር ይፈልጋል፤ አስተርጓሚዋም በስልክ ትኖራለች። ሁላችሁም ተጠርታችኋል። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ አጎታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ አጎታችሁን። እማዬም ትናገራለች፣ ጉልበት ካገኘች። ሰዓቱን የመረጠችው እሷ ናት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ።

"በማለዳ እንዳታደርጉት በያቸው" አለችኝ። "በማለዳ ከመጡ ማንም በሩን አይከፍትላቸውም።"